ጨረቃን ያየሁ ዕለት

ረቡዕ ነበር፤ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ያልጨለመበት ሰዓት፣ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን በኋላ። የምንኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ሐጂ ዩሱፍ ግቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ወታደሩ አባቴ ወደ ጅጅጋ ከዘመተ ክረምቱ አልፏል፤ ወሬው ስለጠፋ እናቴ ከሰው ጋር መጫወት ትታለች። እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር። ዓይናፋር ስለሆንሁ ከቤታችን ውጪ የማናግረው የሐጂን ልጅ ፋኢዛን ብቻ ነው።

የረመዳን ማብቂያ ስለነበር የግቢው ሰው ሁሉ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያያል። ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ ነው፤ ካልታየች ጾሙ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ጣሪያው ዝናብ የጠጣ አፈር ይሸታል፣ ከታች የሾርባ ሽታ ይመጣል። ደመናው አልገለጥ ብሎ ሐጂ ዓይናቸውን ደጋግመው ያሻሉ። ድንገት ደመናው ሲሰነጠቅ፣ ከሻሽ ላይ የተመዘዘ የብር ክር የመሰለ ነገር አየሁ። ሌላ ማንም አላየውም። መናገር ነበረብኝ፤ ሰው ግን በዝቷል። እንደ ምንም ጣቴን ቀስሬ፣ «እዚያ ናት» አልሁ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከጣቴ ጋር አስተካከሉ። አዩዋትና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ማሻ አላህ! አንቺ ባታዪያት ኖሮ ነገም ጾም ነበር።»

ባለቤታቸው ስቀው፣ ሳትጾሚ ዒድ አመጣሽልን ብለው ቀለዱብኝ። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እልልታ ሲሻገር ፈርቼ የፋኢዛን እጅ ያዝሁ። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ስላየሁ ነው! ለካ የራቀ ነገር የሚመጣው አጥብቆ የሚያየው ሰው ሲያገኝ ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ጨረቃ ማንም ባያያት በጊዜዋ እንደምትወጣ አውቃለሁ። አባቴ ከዚያ ጦርነት እንዳልተመለሰም አውቃለሁ። ሆኖም አዲስ ጨረቃ ባየሁ ቁጥር ያ ፍርሃት የተቀላቀለበት መደነቅ ይመለስብኛል።

ያኔ ግን በማግስቱ፣ በዒዱ ጠዋት፣ አዲስ ቀሚሷን የለበሰችውን ፋኢዛን አስከትዬ ወደ ኤረር በር ወረድሁ። አባቴ የወጣው በዚያ በር እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። ድንጋይ ላይ ቆመን ዓይናችንን ሳናርገበግብ መንገዱ ላይ አፈጠጥን። ወተት ይዛ ወደ ከተማ የምትገባ አንዲት ሴት ማንን እንደምንጠብቅ ጠየቀችን። አላውቃትም፤ ግን መለስሁላት።

«አባቴን። መጀመሪያ ሲታይ ቀጭን ስለሚሆን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።»

ሴትየዋ አየችኝ፤ ከዚያ ወተቷን አስቀመጠች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እሷም ወደ መንገዱ ታይ ጀመር። ሦስት ሆነን ካየን ቶሎ ይመጣል ብዬ፣ ዓይኔን ይበልጥ ከፈትሁ።