ድምፄ የተዘጋ ቀን

ጋሽ ቶሎሳ ጸለዩ! ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሰውዬ ዛሬ ጮክ ብለው ጸለዩ!

ሲግናል ሰፈር፣ እኔ ቤት የሚሰበሰቡ ስድስት አዲስ አማኞችን አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል፣ ጠይቄ ራሴ እመልሳለሁ፤ ራሴው ጸልዬ እዘጋለሁ። ዝምታቸው ያስፈራኛል። ዛሬም ካልተናገሩ ለሌላ መሪ ላስረክባቸው ቆርጬ ነበር።

ትናንት እንጦጦ ወጥቼ፣ "ጌታ ሆይ፣ አፋቸውን ክፈት" ስል ዋልኩ። ብርዱ የእኔን ድምፅ ዘግቶ መለሰኝ። (ልመናዬን በደንብ ማብራራት ነበረብኝ።)

ዛሬ ጉሮሮዬን በእጄ ሳሳያቸው መገናኛ ልብስ የምትሸጠው አስቴር ሳቀች።

"ተመስገን! ዛሬ እንኳ ተራ ይደርሰናል።"

ድሮ የካ ላይ ገበሬ የነበሩት፣ አሁን ጥበቃ የሚሠሩት ጋሽ ቶሎሳ አንገታቸውን እንደደፉ፣ "እኔ ልዝጋው? ግን አማርኛው ለጸሎት አይመጣልኝም" አሉ።

"በኦሮምኛ ይበሉታ ጋሼ! ጌታ እንደሆነ አስተርጓሚ አይፈልግ" አለች አስቴር።

ጸለዩ። ረጅም ጸሎት። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ የገባኝ "ዋቃዮ" (እግዚአብሔር) የሚለው እና የራሴ ስም ብቻ ነው። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠሩት።

እናንተስ ዝም በማለታችሁ ያገኛችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ። መናገር ስለማልችል ሁሉንም አነባለሁ።