አባቴ የመረቁት ቤት

ቁጭ ማለት አልችልም። እናቴ በሕይወት ሳለች «እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኝ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ከገባን አራት ጊዜ ቤት ቀይረናል፤ አራቱንም ጊዜ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዕቃ ይሸከማል እንጂ አስተያየት ተጠይቆ አያውቅም።

ዋይትሆርን የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማ ስድስት ዓመት ስላቆየኝ ልታመም ምንም አልቀረኝም። የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው ይሰማል፣ ኮሪደሩ የሌላ ሰው ወጥ ይሸታል። እኔ የፈለግኩት ማንም ያልኖረበት፣ ማንም ያልተጣላበት ቤት ነበር። ከተማው ዳር አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው ሲባል በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ካርታ ዘርግታ ሁሉም ነገር ቅርብ መሆኑን አሳየችኝ፤ ቀለበት መንገዱ እዚህ፣ ኤርፖርቱ እዚያ፣ ወደፊት የሚመጣው ባቡር ደግሞ በነጠብጣብ መስመር። ጣቷን በነጠብጣቡ ላይ ስታስኬድ እኔ በሐሳቤ ተሳፍሬ ነበር። በሳምንቱ ፈረምን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም ትዕግሥት የለኝም። ባለቤቴም ከዚያ በፊት ከወለድ ነፃ የሆነ ውል ፍለጋ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ስለከረመ፣ ለማንገራገር ጉልበት አልቀረውም።

አባቴ አብረውን ይኖሩ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ከደሴ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰፈሩን ግን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ጠዋት በእግራቸው ወደ ባቡር ጣቢያው ይወርዳሉ፣ ትንሽ ተጉዘው መስጊድ ይደርሳሉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር የገበያ ማዕከሉ ውስጥ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዘው የአገሩን ጉዳይ ሁሉ ሲፈቱ ይውላሉ። አንዳንድ ቀን እኔ ከሥራ ከገባሁ በኋላ ነው የሚመጡት።

ከፈረምን በኋላ ቴምር ገዝቼ ገባሁና ነገርኳቸው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ምን ይመስልዎታል አይባልም፤ ይመርቁን ነው የሚባለው። ስለ ባቡሩ ጠየቁኝ፤ ይመጣል አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው አላህ የምትወልዱበት፣ የምትከብዱበት፣ ክፉ የማታዩበት ቤት ያድርግላችሁ ብለው መረቁ። ለመውለዱ እንኳ ልጆቼ አድገው ጊዜው አልፎብኛል፤ ቢሆንም አሚን ብዬ ነገሩ አለቀ በሚል ስሜት ተነሣሁ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሺፍቴ ሲያልቅ በየቀኑ ወደ ግንባታው እነዳለሁ። መሠረቱ ሲቆፈር፣ እንጨቱ ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ አጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተቆጣጣሪ መስያቸው ይጠነቀቁ ነበር፤ ሲሰለቻቸው እጃቸውን አውለብልበውልኝ ወደ ሥራቸው መመለስ ጀመሩ።

መስኮቶቹ እየተገጠሙ ሳለ አንዲት የማውቃት ሴት ደወለችልኝ። ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ ዋይትሆርን ያለውን የቤታቸውን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ያከራያሉ። ስለ ልጆቹም፣ ስለ ብርዱም አውርታ ሲበቃት፣ «ኮል ያደረግኩልሽ ለክፉ አይደለም፤ ቅር እንዳይልሽ» አለች። «አባባ ቤዝመንቱን ሬንት አድርጉልኝ አሉን። ተጣልታችኋል እንዴ?»

ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ሰው ምን ይላል የሚለው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ሳጥብና ሳለብስ እውላለሁ፤ የራሴ አባት ክፍል ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናሉ። እቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊታቸው ቆምኩ።

«ቤቱን ከጠሉት ለምን መረቁት?» አልኳቸው። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ምርቃት ጠየቅሽኝ፣ መረቅኩሽ። ላንቺና ለልጆችሽ ደግ ቤት ነው» አሉ ረጋ ብለው። «እዚያ ግን የምወጣው ሰው ሲወስደኝ ነው፣ ልጄ። እዚህ በእግሬ ነው።»

እኔ እወስድዎታለሁ አልኩ፤ ለሱብሂም፣ ለጁምዓም። አባቴ ያላወለቅኩትን ጫማዬን አዩ። አንድ ቦታ የማልረጋውን ሴት ከማንም በላይ ያውቋታል።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ዕረፍት ነበርኩ። እልህ ይዞኝ መኪናዬን ግንባታው ፊት ለፊት አቆምኩና በአውቶቡስ ወደ መስጊዱ ልሄድ ተነሣሁ። ፌርማታው አንድ ምልክት የተተከለበት ብረት ብቻ ነው፤ መቀመጫ የለው፣ መጠለያ የለው። ነፋሱ ባዶውን ሜዳ አቋርጦ ፊቴን ይገርፈኛል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ከወረድኩ በኋላም ሌላ አውቶቡስ ጠበቅኩ። ስደርስ ሶላቱ አልቆ ሰዉ ጫማውን እያደረገ ይወጣል። አባቴ በጓደኞቻቸው መካከል እየሳቁ ወጡ። አላዩኝም። እቤት ውስጥ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። አፈርኩ፤ ሳልጠራቸው ተመለስኩ።

ማታውኑ ውሉን እናፍርስ አልኩት ባለቤቴን። አባቴ ሰምተው በፍጹም አሉ። ልጆቹም ክፍላቸውን ተካፍለው ጨርሰዋል። እንዲህ ሆኖ ቤቱን ተረከብን። ባለቤቴ በመጀመሪያው ምልልስ የአባቴን ፍራሽና ሻንጣ የሴትዮዋ ቤዝመንት ውስጥ አስገባ፣ በሁለተኛው የእኛን ዕቃ ጫነ። አዲሱ ቤት የጎረቤት ድምፅ አይሰማበትም፣ ከቀለም በቀር የሚሸትም ነገር የለም። እኔ ግን አንዱ ክፍል ገብቼ ወደ ሌላው እወጣለሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ባለቤቴ አባቴን ሊያመጣ ሄደ። ገፋ አድርገው እንዲገቡ በሩን ሳልቆልፍ ትቼው ወጥ እያማሰልኩ ነበር። የመኪናው ድምፅ ተሰማኝ፣ ቀጥሎም የእግራቸው ኮቴ ደረጃው ላይ። በሩ አልተከፈተም።

«ቤቶች» አሉ ከውጭ።

ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጬ ከፈትኩ። ጓንታቸውን አውልቀው፣ ከደጃፉ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ይግቡ፣ አባባ» አልኩ። አባቴን ይግቡ ብዬ አላውቅም ነበር።