የአውሮፕላኗ መስኮትና የማዶው ታፔላ

አሰላ ውስጥ የሚኒባስ መስኮት ሲሰበር ወደኔ ይመጣሉ። የባጃጅ በር ላስቲክ ሲቀደድም፣ አንዱ ጌታ የመኪናዬን መስታወት ካላጠቆርኩ ሞቼ እገኛለሁ ሲልም እኔው ጋ ነው። አውሮፕላን ግን የኔ ጉዳይ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ተሳፍሬም አላውቅ። ታዲያ ምን አግብቶኝ እጄን ከተትኩበት? የአውሮፕላኗን ጌታ እወዳቸው ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጋሼ ነበር የምላቸው። የራሳቸው የሆነች ትንሽ አውሮፕላን ነበረቻቸው፤ ከአብራሪው ሌላ ሰው የማትጭን፣ ስንዴ ላይ መድኃኒት የምትረጭ። ዋግ የገባበት ሰፊ እርሻ ያለው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከኢተያ ወዲያና ወዲህ ያለውን ማሳ አንድ በአንድ፣ ከነዛፉ ከነጉብታው ያውቁታል። ስለ በረራ ሲያወሩ ጉራ የለባቸውም፤ ጋሪ እንደሚነዳ ሰው ነው የሚያወሩት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከመካኒካቸው ጋር ሱቄ መጡ። የአውሮፕላኗን አሮጌ መስኮቶች በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋል። መስታወት አይደሉም፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፤ ፀሐይና መድኃኒት በልቷቸው ቢጫ ሆነዋል፣ ጭረታቸው ጣት ይይዛል። መካኒኩ ከአዲስ አበባ በሦስት ቀለም አዲስ ፕላስቲክ አስመጥቷል፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ቀለል ያለ አረንጓዴ፣ አንዱ ጭስ የመሰለ ጥቁር፤ ከየቀለሙም መዳፍ የምታክል ናሙና አለ። የኔ ሥራ በአሮጌው ልክ ቆርጦ ጠርዙን ማለስለስ ነው። ቤንዚን እንዳላስነካው መካኒኩ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። እኛ የመኪና መስታወት በቤንዚን ነው የምንወለውለው፤ ይሄኛው ግን ይሰነጣጠቃል አለኝ። እሺ አልኩ። ቀለሙን መምረጥ የጋሼ ፋንታ ነበር።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ማየት አስቸግሯቸው እንደከረመ እዚያው ነገሩኝ፣ ነገሩን ግን በመስኮቱ አሳበቡ። ባለቤታቸው ዓይንህን ታከም እያሉ ነጋ ጠባ ይነዘንዟቸዋል። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ደግሞ የበረራ ፈቃዳቸው ሊነጠቅ ነው፤ ይህንንም አልደበቁኝም።

"መስኮቱ ይቀየር እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም" አሉኝ።

እኔ ግን አባቴን ያስታመምኩ ሰው ነኝ። አባቴ የዓይን ሞራ ነበረባቸው፤ ብርሃን ባዩ ቁጥር በመዳፋቸው ግንባራቸውን ይከልሉ ነበር። ጋሼም ወደ በሩ ዞር ሲሉ እንደዚያው አደረጉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ የቀኝ ዓይናቸው ብሌን ላይ ያ የማውቀው ግራጫ ነገር ተጋድሟል።

ጥርት ያለውን አነሱ፣ በሱ አሻግረው አዩና ቶሎ መለሱት። አረንጓዴውንም እንዲሁ። ጥቁሩን ዓይናቸው ፊት ሲይዙ ግን ትከሻቸው ረገብ አለ፤ ብርሃኑ የተዋቸው መሰለኝ። መካኒኩ ተቆጣ። ነፋስ ሳይነሳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው መድኃኒት የሚረጨው፤ በዚያ ሰዓት ማን ጥቁር መስኮት ያደርጋል ብሎ ተከራከራቸው። የማበርረው እኔ ነኝ አሉት። መካኒኩም ብሎን ልፈልግ ብሎ ወጣ።

እኔ ደንብ አለኝ። ጥቁር መስታወት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ናሙናውን ዓይኑ ፊት ይዞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ ያነብልኛል። ካላነበበ አልሠራለትም፣ የፈለገው ባለሥልጣን ይሁን። ጋሼንም እንደ ቀልድ አድርጌ፣ እስቲ እርስዎም እንደ ሰዉ ያንብቡልኝ አልኳቸው። ናሙናውን አነሱና ወደ ማዶ ዞሩ።

"ሻይ ቤት" አሉ፣ ፍርጥም ብለው።

ማዶ ለብዙ ዘመን ሻይ ቤት ነበር። እሳቸውም እዚያው ሻይ ሲጠጡ ነው ያረጁት። ግን ሻይ ቤቱ ተዘግቷል፤ ከሁለት ቀን በፊት አሮጌው ታፔላ ወርዶ "ልብስ ስፌት" የሚል ሰማያዊ ታፔላ ተሰቅሏል። ፊደሉ ክንድ ያህላል። ያን ያህል ዓመት የኮራሁበት ደንብ ለካ አሰላን ለሚያውቅ ሰው ደንብ አልነበረም! ስንቱ በቃሉ አንብቦልኝ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

በል እንግዲህ ወንድ ከሆንክ ተናገር። የምታከብረው ሽማግሌ ፊትህ ቁጭ ብሎ፣ ናሙናውን እንደያዘ መልስህን ይጠብቃል። አላዩም ማለት እንጀራቸውን መንጠቅ ነው፤ ከዚያም በላይ ማዋረድ መስሎ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

"ልክ ነዎት ጋሼ" አልኳቸው።

ለመካኒኩም ለማንም አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ግን ነቅዟል።

ጥቁሩን ቆረጥኩ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቤንዚን የሚባል ነገር ወደ ሱቄ አላስጠጋሁም። ፕላስቲኩን እንዲህ ተጠነቀቅኩለት፣ እኔ ነሁላላው። ከዚያ አውሮፕላኗ የምትቆምበት ሜዳ ሄደን ከመካኒኩ ጋር ገጠምነው። ጋሼ ገብተው ተቀመጡ፣ ብዙ ቆዩ። መሐረባቸውን አውጥተው መስኮቱን ከውስጥ ይወለውሉት ጀመር። ምንም አልነበረበትም፤ አዲስ ነው፣ በእጄ ነው ያጸዳሁት። ወለወሉ፣ ተዉት፣ ደግሞ ወለወሉ። የሚያሳብቡበት አሮጌ መስኮት አልነበረም አሁን። በመጨረሻ ጥሩ ነው፣ እጅህ ይባረክ ብለውኝ ወረዱ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር።

ሳምንት አልሞላም። የአንዱ እርሻ ዘበኛ በጠዋት ደወለልኝ። በአማርኛ ጀመረና መሃል ላይ ወደ ኦሮምኛ ገባ፣ ያኔ የሰው ሞት መሆኑ ገባኝ። ጋሼ ማሳው ጫፍ ላይ ከመብራት ሽቦ ጋር ተላትመው ወድቀዋል። ሽቦው በዚያው ክረምት የተዘረጋ ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ምንም አልነበረም። ዛፉን፣ ጉብታውን፣ ቦዩን አልሳቱም። ማሳውንም እንደ ታፔላው በቃላቸው ነበር የሚያነቡት።

ሰዉ አንዴ ሞተሩ ነው አለ፣ አንዴ ጉሙ ነው አለ። መካኒኩ ጥቁሩን መስኮት እየረገመ አለቀሰ። እኔ ቀብር ላይ ሳጥኑን ተሸከምኩ፤ ወደ ኋላ ብል ምን ይሉኛል ብዬ። ይሉኝታ እዚያም አልለቀቀኝም።

ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው ሱቄ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ከሟቹ ኮት ኪስ ያገኙትን የጥቁሩን ናሙና ሊመልሱልኝ ነው የመጡት። ያው ጋሼ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ሱቄ የመጡ ቀን ጠዋት፣ ዓይንህን ካልታከምክ ብለዋቸው ተጣልተው እንደነበር፣ ከኔ ሲመለሱ ግን እየሳቁ እንደገቡ ቀስ ብለው አጫወቱኝ።

"'መስታወት ሠሪው ታፔላ አስነበበኝ፣ ልክ ነዎት አለኝ' አለኝ። እኔም እፎይ ብዬ ተውኩት፣ ልጄ። አንተን አምኜ ነው የተውኩት።"

ከዚያ ምን ብለው እንዳነበቡ ጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁኝ አላውቅም፤ ምናልባት የሟች ቃል ስለሆነ መስማት አምሯቸው ይሆናል። መዋሸት እችል ነበር፣ መቼስ ለምጄዋለሁ። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ሻይ ቤት ብለው ነው ያነበቡት አልኳቸው።

ቀና ብለው በበሩ በኩል ወደ ማዶ ተመለከቱ። የሳቸው ዓይን ደህና ነው። ከንፈራቸው ፊደሉን ሲከተል አየሁት።

"ይሄ መቼ ነው የተሰቀለው?" አሉኝ፣ ወደኔ ሳይዞሩ።

"ጋሼ ከመምጣታቸው ሁለት ቀን በፊት ነው፣ እትዬ።"

ናሙናውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ተነሱ። ደህና ዋል ሳይሉኝ ወጡ።