የምንጩ ዘይትና የእኔ ላምባ

ስማዳ ውስጥ፣ ወደ በሽሎ ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ባለች መንደር፣ ምንጭ በክለሻል ተብዬ ከዓመት በላይ ውሃ እንዳልቀዳ ተከልክያለሁ። ይጻፍልኝ የምለው በደል ይህ ነው። የፈረዱብኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል። መሞታቸው ግን ፍርዳቸውን አያቃናውም።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ባሌ ሞቶ ገና ተዝካሩ አልወጣም ነበር። በክረምቱ ናዳ ከምንጩ በላይ ያለውን ቋጥኝ ይዞት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ላይ ዘይት ይንሳፈፍ ጀመር፤ ሽታው የላምባ ነው። ሴቶች በቅጠል እየገፈፉ ይቀዳሉ፣ ከብቶች አሽትተው ይመለሳሉ። ከላይ ናዳ መውረዱን ሁሉም አይቷል። ቀና ብሎ ገደሉን ያየ ሽማግሌ ግን አንድም አልነበረም።

በጥቅምት ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። በአውጫጭኝ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁለት ቀን ተቀምጠው ተዛዘቡ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ሽታው የላምባ ነው። ላምባ የምታበራ ሴት ደግሞ እናውቃለን» አለ።

እኔን ነው። አባቴ ፊደል አስቆጥሮኝ ስለነበር ማታ ማታ ዳዊት ለመድገም ከአርብ ገበያ ላምባ አስመጣ ነበር።

«ጭቃ ሹሙስ?» አልሁ። «እሳቸው ቤት የሚበራው ቅቤ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ሰብስቢ!» አለ ጭቃ ሹሙ። «የእኔ ላምባ ከቤቴ አልወጣም።»

«የእኔው በእግሩ ሄደ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። የሳቁት ሰዎች ናቸው ተነሥተው የፈረዱብኝ። እንስራዬ ምንጩን እንዳይነካ ተባለና ውሃ ከወንዙ፣ ከገደሉ ሥር፣ በጀርባዬ አወጣ ጀመር። የሽማግሌዎቹ ሚስቶች እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ድንጋይ የሚመረምሩ ሰዎች በበቅሎ መጡ፤ ሁለት ፈረንጆችና አንድ የተማረ ያገራችን ሰው። ከምንጩ ዘይት በጠርሙስ ሲቀዱ የራሴን ላምባ ይዤ ደረስሁ።

«ይኸንንም መርምሩልኝ» አልሁት የተማረውን። «የጭቃ ሹሙንም ጨምሩ። የእኔ ብቻ ከተመረመረ ፍርድ አይሆንም።»

ጭቃ ሹሙ ተቆጣ። ነገር ግን ፈረንጅ ፊት ጨዋ መምሰል ይወድ ነበርና ላምባውን ላከ።

የተማረው ሰው የተመለሰው በዓመቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሁሉም ባለበት ንገረን አልሁት።

«እዚህ ጥንት ባሕር ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «በባሕሩ የኖሩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሞተው ጭቃው ውስጥ ተቀበሩ። ጭቃው ድንጋይ ሆነ፣ እነሱ ዘይት ሆኑ። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ስብርባሪ እንኳ ዛሬም ዘይቱ ውስጥ አለ፤ ዘይቱ ከምን እንደመጣ የሚነግረን እሱ ነው። በምንጩ ጠርሙስ ውስጥ አግኝተነዋል። በእትዬም በጭቃ ሹሙም ላምባ ውስጥ የለም።»

«ላምባም ከመሬት የወጣ ዘይት ነው ትሉ የለም ወይ?» አለ ያ ሽማግሌ፣ የረታ መስሎት።

«የተጣራ ነው፣ አባቴ። አረቄ ሲወጣ ጌሾው የት ይቀራል?»

«ድፍድፉ ውስጥ» አልሁ እኔ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። አረቄ ሲጠጡ እንጂ ሲያወጡ ኖረው ቢሆን ኖሮ እነሱም ይመልሱት ነበር።

«እንዲያ ነው። ያ ከባዱ ስብርባሪ ሲጣራ ከሥር ይቀራል። የምንጩ ዘይት ያልተጣራ ነው፤ ከዓለቱ ነው የመጣው። ሰው አላፈሰሰውም።»

አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን አስተካከለ፣ ሌላው መቋሚያውን ያይ ጀመር። ይቅርታ የሚል ቃል በዚያ ሁሉ ጢም መካከል ጠፋ።

ጭቃ ሹሙ በበቅሎው ሊወጣ ሲል ልጓሙን ያዝሁት። «ውሃውን እቀዳለሁ፤ እሱን አልጠይቅዎትም። ስሜን ለምን እንደጠራችሁ ይንገሩኝ።»

ዙሪያውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ገብሱ ሳይታጨድ እየረገፈ ነበር» አለኝ። «ሰው ካልተጠቆመ ደግሞ አንበተንም። ባልና ወንድም ያላትን ብንጠቁም ደም ይፈሳል። አንቺ ማንም አልነበረሽም።»