ግራው የቀረ ግድግዳ

መጀመሪያ የወደቀው የቀለሙ ጣሳ ነው። ሾኔ ከተማ ለሰርግ የሚሰናዳ ቤት ግድግዳ እየሳልኩ ነበር፤ ጣሳውን በግራ እጄ ይዣለሁ፣ በቀኜ እስላለሁ። ወደቀ። አላመመኝም። ላነሳው ጎንበስ ስል ግራ እግሬም ከዳኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከሆሳዕና እስከ አዲሎ እየዞርኩ በቀይ አፈር፣ በከሰልና በአመድ የሰው ቤት ስስል የኖርኩ ነኝ። ያን ቀን አብራኝ የነበረችው ዘኪያ ናት፤ የጎረቤቴ ልጅ፣ ወረቀት ላይ አሳምራ የምትስል፣ «እማማ፣ ግድግዳ ያስተምሩኝ» ብላ የሙጥኝ ያለችብኝ። ከሁሉ በፊት ያስተማርኳት አፈር መንፋት ነው። ጠጠር የገባበት ቀለም ግድግዳ ያበላሻል።

አፌ ተጣመመ። ምላሴ ተሳሰረ። የሰርጉ ቤት ሴቶች ከበቡኝ።

«ምች ነው! ዳማከሴ አምጡ!»

አንዷ ትጨምቃለች፣ አንዷ ታሻለች። ዘኪያ ግን «እሹ ግድ የለም፣ እኔ ባጃጅ ጠርቻለሁ!» ብላ ከመሃላቸው አወጣችኝ። ሐኪም ቤት ደረስን። ከዚያ ወደ ሆሳዕና ላኩን። ሲቲ ስካን ተነሳሁ።

«ስትሮክ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቀኙ የአንጎልዎ ክፍል ደም አጥሮት ነው። የደም ግፊትዎም ከፍተኛ ነው።»

ግራ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

ከሞት መትረፌ ከታወቀ በኋላ የመጣው ንዴት ነው። ቤት ስገባ ልጄ ምግብ አቀረበልኝ፤ ቆጮ ብቻ። «ለበሽተኛ ደረቅ ቆጮ ይሰጣል? ጎመን እንኳ አጣችሁ?» ብዬ አኮረፍኩ። ዘኪያ ሳህኑን ዞር ስታደርገው ጎመኑ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ፊቴ ቁጭ አለ። ልጄ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በግራ በኩል መጥቶ ሰላም የሚለኝን ሰው ስለማልመልስለት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ኮራች አለኝ።

ምርኩዝ ይዤ መቆም ስጀምር የቤቴን ባዶ ግድግዳ ልስል ተነሳሁ። መሳል ካልቻልኩ ለምን እንደተረፍኩ አልገባኝም ነበር። ቀኝ እጄ ደህና ነው። ሳልኩ። አማረልኝ።

«እማማ፣ ግራው ቀረ» አለች ዘኪያ።

«ምኑ ነው የቀረው? ሞልቷል!»

«ግማሹ ባዶ ነው እኮ።»

«የትናንት ልጅ! ግድግዳ ልታስተምሪኝ ነው?»

ልጄን ጠራሁት። እሱም ቀረ አለኝ። ተማክረውብኛል ብዬ ሁለቱንም ከቤት አስወጣኋቸው።

በቀጠሮዬ ቀን ዘኪያ ተመልሳ ወሰደችኝ፤ ሐኪሙ ዓይኔን መረመረ። «ዓይንዎ ደህና ነው። ስትሮኩ ነው ግራ የሚባል ነገር መኖሩን ያስረሳዎት። ኔግሌክት እንለዋለን። የጎደለውን ስለማያስተውሉት የጎደለ አይመስልዎትም።» እጅና እግሬን የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስትም ለሚያነቡ ሕመምተኞች በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር እንደሚሰመርላቸው፣ መስመሩን ሳያገኙ ማንበብ እንደማይጀምሩ ነገረችን።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ተበሳጨሁ።

በማግስቱ የግድግዳዬን ግራ ጫፍ ከላይ እስከ ታች በቀይ አፈር ቀብታው መጣችና «ቀዩን በእጅዎ ሳይነኩ ጨረስኩ እንዳይሉ» አለችኝ። እንደ ጥጃ ልታስረኝ! በራሴ ቤት፣ በራሴ አፈር! እሷን ለማሳፈር ስል መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ወደ ግራ ሄድኩ። ሄድኩ። አሁንም ሄድኩ። ያልቃል ያልኩት ግድግዳ አያልቅም። ድንገት መዳፌን ጠጠር ሻከረው።

«አንቺ! አፈሩን አልነፋሽውም!»

«ሆን ብዬ ነው። ዓይንዎ ቢያልፈው እጅዎ እንዲያገኘው።»

ዞሬ አየሁ። ከሥዕሌ እስከ ቀዩ ድረስ ሰፊ ባዶ ግድግዳ ነበር። ልጅቷ አልዋሸችም። አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጠጠሩን እየፈለግኩ፣ እየተነጫነጭኩ፣ አንገቴን ወደ ግራ ማዞር እንደ ሕፃን እየተማርኩ ቆየሁ፤ ግራ እጄም ቀስ በቀስ ጣሳ መያዝ ጀመረ። ሾኔ ተመልሰን ያቋረጥነውን ግድግዳ ስንጨርስ የያኔዋ ሙሽራ ልጅ አዝላ ቀለም ታቀብለን ነበር። ቀኙን ለዘኪያ ሰጥቼ ግራውን እኔ ያዝኩ። የእሷ ቀለም ትንሽ ቀጥኗል፤ ነግሬያታለሁ።

በዚህ ሕመም ላላችሁ የምለው ይህ ነው፦ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ዳማከሴ ስትጨምቁ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። የግፊት ኪኒናችሁን አታቋርጡ። አስታማሚዎችም ሕመምተኛው በረሳው ጎን ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት፤ ቢሰድባችሁም አትሂዱ።

ይህን እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ዘኪያ ናት።

«ጨረስን?» አልኳት።

«ገና ነው እማማ፤ ምስጋናው ቀረ።»

ይህች ልጅ መቼም አትለቀኝም። ጌታ ይባርክሽ በይና ጻፊው።