ኮርቪና የምትሸጠው ሴት

ቅዳሜ ቅዳሜ በጣሊያኗ ትንሽ ከተማ በኔግራር ገበያ ጥግ የምትቆመውን አሮጊት ስሟን አላውቅም። የወንድ ቦት ጫማ ታደርጋለች፤ ጣቶቿ የወይን ቀለም ጠጥተው ቀርተዋል። ከፊቷ የምትደረድረው ሦስት ዓይነት የወይን ጠጅ ሁሉ ኮርቪና ከሚባል ከአንድ የወይን ፍሬ የተጠመቀ ነው። አንዱ ለምሳ የሚሆን ቀላል ነው። ሌሎቹ ፍሬው ሰገነት ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ የሚጠመቁ ናቸው፤ አንዱ ኃይለኛና መረር ያለ፣ አንዱ ጣፋጭ።

ባለፈው ሳምንት ነጋዴው ኦቶሪኖ መጣና፣ "እማማ፣ ኃይለኛውን ብቻ ይጥመቁልኝና ሁሉንም ልግዛዎት። ለአንድ ፍሬ ሦስቴ ምን አደከመዎት?" አላት።

"ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ አንዱም አንዱን አይመስልም። ታዲያ ሁለቱን ከቤት ላባርር?"

"ጣፋጩስ የትኛውን ልጅዎን ይመስላል?"

ጠርሙሱን በሽርጧ እየወለወለች ከት ብላ ሳቀች።

"እሱማ እኔን ነው፤ ሳላገባ በፊት።"