የራሴን ሞተር የገዛሁበት ጨረታ

አሮጌዋ ሞተር ሳይክል የፈጀችብኝ ስልሳ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስት ሺሁን የከፈልኩት የራሴን ሞተር መልሼ ለመግዛት ነው። መካነ ሰላም ገበያ እህል ስገዛና ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ የነገደ ሰው አለ ቢሉኝ ሰውየውን ፀበል ውሰዱት እል ነበር።

ያገኘኋት ወረኢሉ፣ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ መብራቷ ክብ፣ የቤንዚን ታንከሯ እንደ እንስራ ሆድ ያበጠ። ሰውየው አሥራ ስምንት ሺህ አለኝ፣ ወደ አሥራ ሁለት አወረድኩት። ያን ያህል ማውረዴ ደስ ስላለኝ ገዛኋት። ሞተር እፈልግ እንደሆነ ራሴን የጠየቅኩት ከእህሉ ጋር ጭኜ ግማሽ መንገድ ከመጣሁ በኋላ ነው። ብሩ ለማድቤቱ ቆርቆሮ የተቀመጠ ነበር።

ባለቤቴ ስናወርዳት ቆማ አየችና «ቆርቆሮው ይኸ ነው?» አለች።

«አድሼ ስሸጣት የቤቱንም ጣሪያ እቀይራለሁ» አልኳት።

ለሞተሯ የሚሆን ዕቃ በአገር የለም። ካርቡሬተሩን ከባጃጅ ወሰድኩ፤ ልኩ ስላልሆነ በጎማ ቁራጭና በሽቦ አሰርኩት። ጭስ ማውጫውን አንድ በያጅ ከውሃ ቧንቧ ሠራልኝ። መቀመጫውን ለኮርቻ ሠሪ ሰጠሁ፤ ለበቅሎ እንደሚያደርገው በከብት ቆዳ ሰፋው። ያምራል። ግን ቆዳው በደንብ አልለፋም ነበርና የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ግቢዬን ሊሳለም ይመጣ ጀመር። ታንከሯን ከነክዳኗ ራሴ ቀይ ቀባኋት፤ አንድ ጊዜ ቀብቼ አልረካሁም፣ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት። ይህን ቀለም ያዙልኝ። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ በላ።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ረገጥኳት። ትነሳለች፣ ሁለት ደቂቃ ታጓራለች፣ ታስልና ትጠፋለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ መካኒክ ቀየርኩ። ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ገበያ የምሄደው እያነከስኩ ሆነ። «ሞተር ጥሎህ ነው?» ይሉኛል። «መች ሄዳ ትጥለኛለች» እላለሁ።

በመጨረሻ ለሰፈራችን ጊዮርጊስ ተሳልኩ። ነጋዴ ነኝና ከዝቅተኛው ጀመርኩ፦ ሳትጠፋ ከቆየች አንድ ጥቅል ጧፍ። ጠፋች። ጥላ አልኩ። ጠፋች። ምንጣፍ ጨመርኩ። እንዲህ ዝም ብሎ ዋጋ የሚያስጨምር ሻጭ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ እንደ ልማዷ ጠፋችብኝ። በቃኝ ብዬ፣ ቤንዚኑን እንኳ ቀድቼ ልሸጠው ክዳኗን ከፈትኩ። ጄሪካን ላመጣ ስል ንዴቱ መለሰኝ። «በቃ፣ ከቆየች ራሷን ውሰዳት» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ረገጥኳት። ተነሳች። ሁለት ደቂቃ አለፈ። አምስት አለፈ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ሰማኋት፤ ድምፅዋ እንደ ወፍጮ ቤት የማይቆራረጥ ነበር። ቀና ስል ከአጥሩ በላይ ነጭ ጥምጥም አየሁ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የጊዮርጊስ ቄስ፣ የእኔም የንስሐ አባት።

«ሰማሁ» አሉ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር አለች። በሦስት ድርብ ቀለም ደፍኛታለሁ። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ክዳኑን ይዤ ቄሱ ቤት ሄድኩ።

«አባ፣ ያቆያት ክዳኑ መከፈቱ ነው፤ ስለቱ አይደለም። ይኸው ይመልከቱት።»

አገላብጠው አዩት። «ያን ቀን ክዳኑን ማን አስከፈተህ?»

«ንዴት።»

«እንግዲህ በንዴትህ በኩል መጣልህ።»

«ጊዮርጊስ ፈረስ አለው አባ፤ ሞተር ምን ያደርግለታል?»

«ይሸጠዋላ። አንተስ የገዛኸውን ስንዴ ሁሉ ትበላዋለህ?»

የስለት ዕቃ በክብረ በዓሉ ቀን በጨረታ ይሸጣል፤ የተሳለውም ሰው ቢሆን መግዛት ይችላል። በርካሽ ልመልሳት ቆረጥኩ። መጀመሪያ ለሽያጭ ነበር ያሰብኳት፤ ያን ማለዳ ከሰማኋት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሲነዳት ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ገበያውን እየዞርኩ አጣጣልኳት። ማርሽ አይገባላትም አልኩ። ቤንዚን እንደ ግመል ትጠጣለች አልኩ። ውሻ ታስከትላለች አልኩ፤ ይኸኛው እንኳ እውነት ነው።

የበዓሉ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ በግ ተሸጠ፣ ጥላ ተሸጠ፣ ሞተሯ ወጣች። «አምስት ሺህ» አልኩ። የጨመረ ሰው የለም። ደስ ሊለኝ ሲል ከኋላ «አሥር» የሚል ድምፅ መጣ። ሐጂ ናቸው፤ በእህል ንግድ ተፎካካሪዬ፣ ከእኛ በዓል የማይቀሩ ሽማግሌ። አሥራ ሁለት አልኩ፣ አሥራ አምስት አሉ። ሃያ ስንደርስ ዞርኩባቸው።

«ሐጂ፣ አንቱ ሞተር መንዳት አይችሉ። ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

«ወላሂ እኔም አላውቀው» አሉ። «አንተን ግን አውቅሃለሁ። የሰው ጤፍ አይተህ ‹ይኸ አፈር ነው› ያልክ ቀን፣ ሳይመሽ ክምሩን ታነሳዋለህ። ይችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሰድብ ውስጧ ወርቅ አለ ብዬ ነው።»

ቅጥር ግቢው ሁሉ ሳቀ። አባም ሳቁ። ሐጂ ሃያ አምስት አሉ፣ እኔ ሃያ ስድስት አልኩ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ «ይብቃህ፣ ውሰዳት» አሉኝ። የከፈልኩት ባለቤቴ ለቆርቆሮው እንደገና ያጠራቀመችውን ብር ነው።

ክዳኗን በሚስማር በሳሁት፤ አሁን አትጠፋም። በወሩ አንድ የደሴ ሰው መጥቶ አርባ ሺህ ሰጠኝ። አልሸጥኩም። ዝናቡ ሲጀምር ባለቤቴ ሞተሯን የማለብሳትን ሸራ ገፈፈችና ማድቤቱ ላይ ጣለችው።

ወጪ ስልሳ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር። ገቢ የለም።